የቤት አስቤዛ ቁጠባ፦ ርካሽ ግዢ መቼ ይጠቅማል? መቼስ ይጎዳል?

ለአብዛኛው የከተማ ቤተሰብ ከቤት ኪራይ ጋር ከፍተኛውን የገቢ ድርሻ የሚወስደው ወጪ የምግብና የዕለት ፍጆታ ግዢ ነው። የዋጋ ንረት በሚታይበት ጊዜ ሸማቾች ወጪያቸውን ለመቀነስ ልዩ ልዩ ዘዴዎችን ይጠቀማሉ። በኩንታል መግዛት፣ ርካሽ ወደሆነ ገበያ ርቆ መሄድ፣ በቅርጫ መካፈል፣ ቅናሽ መጠበቅና በቤት ማዘጋጀት ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። እነዚህ ልማዶች በብዙ ሁኔታ ጠቃሚ ቢሆኑም በራሳቸው የቁጠባ ዋስትና አይደሉም። አንዱን ቤተሰብ የጠቀመ አገዛዝ ሌላውን ለዕዳ ወይም ለብክነት ሊዳርግ ይችላል።

የዚህ መረጃ ዓላማ የተለመዱ የቁጠባ ልማዶች በእርግጥ ገንዘብ የሚያስቀሩት በምን ሁኔታ እንደሆነና በምን ሁኔታ እንደማያስቀሩ ማብራራት፣ ሸማቾች ከግዢ በፊት ሊያደርጉት የሚገባውን ስሌት ማሳየት፣ እንዲሁም በግዢ ሂደት መብታቸው ሲጣስ ሊወስዱት የሚችሉትን እርምጃ ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት የሸቀጥ ዋጋዎች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ ምሳሌዎች እንጂ የወቅቱ የገበያ ዋጋዎች አይደሉም።

1. የአንድ ዕቃ እውነተኛ ዋጋ

ሻጭ የሚጠራው ዋጋ የዕቃው ሙሉ ዋጋ አይደለም። ሸማቹ ከዚያ ዋጋ በተጨማሪ ለትራንስፖርት፣ ለተሸካሚ፣ ለማስፈጨትና ለማስቀመጫ ይከፍላል። ከገዛው ውስጥም የተበላሸው፣ በማበጠር የወጣውና ከሚዛን የጎደለው ለጥቅም አይውልም። ስለዚህ ትክክለኛው ማነጻጸሪያ የሚከተለው ነው፦

እውነተኛ ዋጋ በኪሎ = (የተከፈለ ዋጋ + ተጨማሪ ወጪዎች) ÷ በእርግጥ ለጥቅም የዋለ መጠን

አንድ የግዢ ልማድ ቁጠባ የሚባለው በዚህ ስሌት የተገኘው ዋጋ በሰፈር ሱቅ ወይም በአቅራቢያ ገበያ ከሚከፈለው ሲያንስ ነው። የግዢው ዕለት የተረፈ ብር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ወር ሲያልቅ በቤት ውስጥ የቀረው ገንዘብና የቀረው ምግብ አብረው መታየት አለባቸው።

2. በብዛት መግዛት

በኩንታል ወይም በትልቅ ማሸጊያ መግዛት የሚጠቅመው በአራት ሁኔታዎች ነው፦ የአንድ ኪሎ ዋጋው ከችርቻሮ ሲያንስ፣ ዕቃው ሳይበላሽ የሚቆይ ሲሆን፣ ቤተሰቡ የሚጠቀምበትን መጠን አስቀድሞ ሲያውቅ፣ እንዲሁም የሚከፈለው ገንዘብ ከሌላ አስቸኳይ ወጪ የተነጠቀ ወይም በወለድ የተወሰደ ካልሆነ።

ለምሳሌ በወር 25 ኪሎ ጤፍ የሚጠቀም ቤተሰብ በችርቻሮ በኪሎ 135 ብር፣ በኩንታል ደግሞ 12,500 ብር ዋጋ ቢቀርብለት ልዩነቱ በ100 ኪሎ 1,000 ብር ይሆናል። ለጋሪና ለተሸካሚ 300 ብር ቢከፍል 700 ብር ይቀራል። በኩንታሉ ውስጥ ያለው አፈርና ገለባ በችርቻሮ ተበጥሮ ከሚሸጠው ጤፍ በ3 ኪሎ ቢበልጥ 375 ብር ይቀነሳል፤ ቁጠባው ወደ 325 ብር ይወርዳል። ጆንያው ሳይመዘን ተገዝቶ 97 ኪሎ ብቻ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ሌላ 375 ብር ይጎድላል። በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ 1,000 ብር እንደቆጠበ እያሰበ በእርግጥ 50 ብር ከስሯል።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገሮች ይወሰዳሉ። አንደኛ፣ ኩንታል ማለት 100 ኪሎ ቢሆንም አንድ ጆንያ ሁልጊዜ አንድ ኩንታል ይመዝናል ማለት አይደለም፤ በሻጩ ፊት ማስመዘን ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ከመክፈል በፊት ከጆንያው አናት ብቻ ሳይሆን ከመካከሉና ከሥሩም በእጅ እያወጡ የእህሉን ንጽሕናና ድርቀት ማየት ተገቢ ነው። እርጥበት ያለው እህል ሲደርቅ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ሳይደርቅ ከተቀመጠም ይሻግታል።

የመበላሸት አደጋው እንደ እህሉ ዓይነት ይለያያል። ጤፍ ፍሬው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ እምብዛም አይጎዳውም፤ ስለዚህ ደረቅ በሆነ ቦታ ለረጅም ጊዜ ሊቀመጥ ይችላል። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሽምብራና ባቄላ ግን ለነቀዝ የተጋለጡ ናቸው። እነዚህን በብዛት የሚገዛ ቤተሰብ እህሉን በሚገባ አድርቆ አየር በማያስገባ ድርብርብ ከረጢት ቢያስቀምጥ ይመከራል። ለእህል ማከማቻ የሚውሉ ፀረ ተባይ ኬሚካሎችን በመኖሪያ ቤት ውስጥ፣ በተለይም በመኝታ ክፍል አካባቢ መጠቀም ለሕይወት አስጊ በመሆኑ ሊወገድ ይገባል። የተፈጨ ዱቄት ከእህሉ ይልቅ ቶሎ ይበላሻል፤ ስለሆነም በብዛት የሚገዛው እህሉ ሆኖ የሚፈጨው እንደ አስፈላጊነቱ ቢሆን ይሻላል።

እንደ ስኳር፣ ዘይት፣ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ ያሉ ሸቀጦች ደግሞ ሌላ ባሕርይ አላቸው። በቤት ውስጥ በርከት ብለው ሲገኙ አጠቃቀማቸው ይጨምራል። ለአንድ ወር የታሰበ 5 ሊትር ዘይት በሦስት ሳምንት ካለቀ በሊትር የተገኘው ቅናሽ በጨመረው ፍጆታ ተውጧል ማለት ነው። በብዛት የተገዛውን በሳምንት ድርሻ ከፋፍሎ ማስቀመጥ ይህን ይከላከላል።

በብዛት ለመግዛት ተብሎ የሚወሰድ ብድር ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ 12,500 ብሩ በወር 5 በመቶ ወለድ ከግለሰብ ቢወሰድ የአንድ ወር ወለድ ብቻ 625 ብር ይሆናል። ይህም ተጨማሪ ወጪውና ብክነቱ ተቀንሶ ከሚቀረው 325 ብር ቁጠባ ይበልጣል።

3. ርካሽ ወደሆነ ገበያ ርቆ መሄድ

በአዲስ አበባ በመርካቶ እህል በረንዳ፣ በሾላ፣ በሳሪስና በሌሎች ትላልቅ ገበያዎች፣ እንዲሁም በየክፍለ ከተማው በሚዘጋጁ የእሑድ ገበያዎች ብዙ ሸቀጦች ከሰፈር ሱቅ ባነሰ ዋጋ ይገኛሉ። በእሑድ ገበያ አምራቾች፣ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና አቅራቢዎች በቀጥታ ስለሚሸጡ በመካከል የሚገቡ ነጋዴዎችና ደላሎች ቁጥር ይቀንሳል። ይሁን እንጂ የሁሉም ሸቀጥ ዋጋ በሁሉም ገበያ ያነሰ አይሆንም፤ ጉዞውም ወጪ አለው።

ጉዞው አዋጭ የሚሆንበትን አነስተኛ የግዢ መጠን ለማወቅ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን በአንድ ኪሎ ላይ ባለው የዋጋ ልዩነት ማካፈል በቂ ነው። ቀይ ሽንኩርት በሰፈር 80 ብር፣ በሩቅ ገበያ 65 ብር ቢሆንና ደርሶ መልሱ 40 ብር ቢፈጅ፣ 40 ለ15 ሲካፈል ወደ 2.7 ኪሎ ይመጣል። ሁለት ኪሎ ብቻ ለመግዛት የሄደ ሸማች ይከስራል፤ አምስት ኪሎ የገዛ 35 ብር ይቆጥባል።

ብዙ መግዛትም ገደብ አለው። ያው ሸማች ትራንስፖርቱን ለማካካስ 10 ኪሎ ቢገዛና 1.5 ኪሎው በቤት ቢበሰብስ፣ 650 ብር ለሽንኩርትና 40 ብር ለትራንስፖርት በድምሩ 690 ብር አውጥቶ የተጠቀመበት 8.5 ኪሎ ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ኪሎ እውነተኛ ዋጋ ከ81 ብር በላይ ይሆናል፤ ይህም ከሰፈሩ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ጉዞውን የሚያዋጣው አንዱን ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ ማብዛት ሳይሆን የማይበላሹትን፣ ማለትም ክክ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጨው፣ ሳሙናና የመሳሰሉትን በአንድ ጉዞ አጣምሮ መግዛት ነው። ሽንኩርትና ድንች በፌስታል ታስረው መቀመጥ የለባቸውም፤ ደረቅ፣ ነፋሻማና ጥላ በሆነ ቦታ ተዘርግተው ቢቀመጡ የበለጠ ይቆያሉ።

ጊዜም በስሌቱ መግባት ይኖርበታል። በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው 60 ብር ለመቆጠብ ግማሽ ቀን በሰልፍ ቢያሳልፍ የሚያጣው የግማሽ ቀን ገቢውን ነው። ደመወዝ የማይከፈልበት የእናቶችና የልጆች ጊዜም ነጻ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም፤ ልጅ ለገበያ ከትምህርት ከቀረ ወጪው በሌላ መንገድ ይከፈላል። ሸማቹ ከሥራ ሲመለስ በመንገዱ የሚያገኘው ገበያ፣ ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልም፣ አንዳንድ ጊዜ እውነተኛው ርካሽ ገበያ ነው።

4. በትንሽ በትንሹና በዱቤ መግዛት

በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ላለማውጣት ሲባል ዘይት በትንሽ የውኃ ፕላስቲክ፣ ስኳር በሩብ ኪሎ፣ ከሰል በፌስታል፣ የልብስ ሳሙና ዱቄት በትንሽ ከረጢት መግዛት የተለመደ ነው። የዕለቱ ወጪ ትንሽ ስለሚመስል ቁጠባ ይመስላል። ነገር ግን በመጠን ሲሰላ አብዛኛውን ጊዜ ከፍተኛውን ዋጋ የሚከፍለው በትንሹ የሚገዛው ሸማች ነው። ግማሽ ሊትር ዘይት 190 ብር የሚከፍል ቤተሰብ በሊትር 380 ብር እየከፈለ ነው፤ በ3 ሊትር ማሸጊያ 900 ብር የሚከፍለው ግን በሊትር 300 ብር ይከፍላል።

በትንሹ መግዛት ተገቢ የሚሆንበት ሁኔታም አለ። ቶሎ የሚበላሹ አትክልቶች፣ ወተትና ሥጋ፣ በተለይ ማቀዝቀዣ በሌለበት ወይም የኤሌክትሪክ ኃይል በሚቆራረጥበት ቤት፣ ለዕለትና ለሁለት ቀን በሚበቃ መጠን ቢገዙ ብክነቱ ይቀንሳል። ያልተለመደ ምርት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገዛም ትንሹን ወስዶ መሞከር ይሻላል።

የዱቤ ግዢ በችግር ጊዜ ቤተሰብን የሚታደግ ማኅበራዊ ትስስር መሆኑ አይካድም። ሆኖም ሸማቹን ከአንድ ሱቅ ጋር ስለሚያስረው ዋጋ የማነጻጸር ዕድሉን ያጠባል። በዱቤ የሚገዛ ሰው ሦስት ነገሮችን ቢያከናውን ይጠቀማል፦ የዱቤውንና የእጅ በእጁን ዋጋ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ከባለሱቁ መዝገብ በተጨማሪ የራሱን ማስታወሻ መያዝ፣ እንዲሁም ደመወዝ ሲገባ በቅድሚያ በየዕለቱ የሚፈለጉትን ሁለትና ሦስት ዕቃዎች በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ የዱቤውን መጠን ቀስ በቀስ መቀነስ።

5. በኅብረት መግዛት

በአንድ ጊዜ በብዛት ለመግዛት አቅም ለሌለው ቤተሰብ አዋጭ የሆነው መንገድ ከሌሎች ጋር መግዛት ነው። አራት ጎረቤታሞች አንድ ኩንታል ጤፍ ገዝተው ቢካፈሉ እያንዳንዳቸው ብድር ሳይወስዱ የጅምላውን ዋጋ ያገኛሉ፤ የጋሪውንም ወጪ ይጋራሉ። ዕቁብም ወለድ ሳይከፈልበት ጠቀም ያለ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ስለሚያስገኝ፣ ዕጣው የወጣለት ሰው ገንዘቡን ዋጋው ዝቅ ባለበት ወቅት ለሚገዛ እህል ቢያውለው ጥቅሙ ይጎላል።

የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ለዚሁ ዓላማ የተቋቋሙ ናቸው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚተዳደሩ ሲሆን፣ አባል የሆነ ሸማች ዕጣ በመግዛት የማኅበሩ ባለድርሻ ይሆናል፤ በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ይሰጣል፤ ማኅበሩ ሲያተርፍም ከትርፉ ተካፋይ ነው። በማኅበሩ ሱቅ ዘወትር ለሚገዛ ቤተሰብ አባልነቱ ከዕለቱ ዋጋ ባሻገር መታየት ይኖርበታል። አልፎ አልፎ ብቻ ለሚገዛ ግን የሰልፉን ጊዜና የሸቀጡን መገኘት አስቀድሞ ማጣራት ይበጃል።

በበዓላት ወቅት የሚዘወተረው ቅርጫ በጥንቃቄ ከተሰላ ጥሩ ቁጠባ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ አሥር ቤተሰቦች በሬ በ90,000 ብር ገዝተው ለማሳረጃና ለልዩ ልዩ ወጪ 3,000 ብር ቢጨምሩ የእያንዳንዱ ድርሻ 9,300 ብር ይሆናል። የአንዱ መደብ 14 ኪሎ ቢመዝን በኪሎ 664 ብር ገደማ ነው። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ 4 ኪሎው አጥንት ከሆነ የሥጋው ዋጋ 930 ብር ይደርሳል። ስለዚህ የቅርጫውን ዋጋ ከሉካንዳ ዋጋ ጋር ማነጻጸር የሚቻለው ሥጋውን ከሥጋ፣ አጥንቱንም ከአጥንት ጋር በማስተያየት ነው። በአንድ ቀን የማይበላውን ቋንጣ አድርጎ ማቆየት ብክነትን ያስቀራል። የዕርዱ እንስሳ የጤና ሁኔታ በባለሙያ ሊታይ ይገባል፤ ዋጋው ስለረከሰ ብቻ የታመመ ወይም ድንገት የሞተ እንስሳ ሥጋ መግዛት እንደ አባሰንጋ ላለ አደገኛ በሽታ ያጋልጣል።

6. ወቅትን ጠብቆ መግዛት

ከማናቸውም ዘዴ ይልቅ ያለ ተጨማሪ ድካም ቁጠባ የሚያስገኘው የግዢን ጊዜ መምረጥ ነው። የኢትዮጵያ ገበያ የመኸርን፣ የጾምንና የበዓልን ዑደት ይከተላል።

• ጤፍና ሌሎች የመኸር ሰብሎች በአብዛኛው በኅዳርና በታኅሣሥ ተሰብስበው ገበያ ይገባሉ። ዋጋቸው ብዙውን ጊዜ ከመኸር በኋላ ባሉት ወራት ዝቅ ብሎ በክረምቱ ወራት ከፍ ይላል።
• ዛላ በርበሬ በብዛት የሚቀርበው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። የዓመቱን በርበሬ በዚህ ወቅት ገዝቶ ማስፈጨት የተለመደ ሲሆን፣ ዛላው በሚገባ መድረቁን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።
• በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የሥጋ፣ የቅቤና የእንቁላል ፍላጎት በእጅጉ ይቀንሳል። በጾሙ አጋማሽ ቅቤ ገዝቶ አንጥሮ ማስቀመጥ በፋሲካ ዋዜማ ከሚኖረው ግፊያና የዋጋ ጭማሪ ያድናል።
• ዶሮ፣ እንቁላልና ቀይ ሽንኩርት በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ ዋጋቸው ይንራል። ሽንኩርቱን ከሁለት ሳምንት በፊት ገዝቶ በደረቅ ቦታ ማቆየት ይቻላል፤ ቲማቲም ግን ይህን ያህል አይቆይም።

ወቅትን ጠብቆ መግዛት የማይጠቅመው ወሬ ሰምቶ በመደናገጥ ሲሆን ነው። አንድ ሸቀጥ ሊጠፋ ነው በሚል ጭምጭምታ ሁሉም ከሚያስፈልገው በላይ ሲገዛ እጥረቱ በእርግጥ ይፈጠራል፤ ዋጋውም የሚወጣው በዚያው ሳምንት ነው። ተሻምቶ የገዛው ሸማች የከፈለው ብዙውን ጊዜ የዓመቱን ከፍተኛ ዋጋ ሆኖ ይገኛል።

7. ከሁሉ ርካሹን መምረጥ

ጥራቱ ተመሳሳይ እስከሆነ ድረስ ርካሹን መምረጥ ተገቢ ነው። ታዋቂ ስም ባለውና ብዙም በማይታወቀው ጨው፣ ስኳር ወይም የልብስ ሳሙና መካከል ያለው ልዩነት አንዳንድ ጊዜ የማሸጊያ ብቻ ይሆናል። ችግሩ የሚፈጠረው ዋጋው ያለ ግልጽ ምክንያት ከገበያው በእጅጉ ሲያንስ ነው።

ባዕድ ነገር የመቀላቀል ተግባር በተለይ የሚታየው ተፈጭተው ወይም ቀልጠው በሚሸጡና በዓይን ለመለየት በሚያስቸግሩ ምርቶች፣ ማለትም በበርበሬ፣ በቅቤ፣ በማርና በመሳሰሉት ላይ ነው። በርበሬን በዛላው ገዝቶ ማስፈጨት፣ ቅቤና ማርን ከታወቀና ደረሰኝ ከሚሰጥ ሻጭ መግዛት አደጋውን ይቀንሳል። የሻገተ በርበሬና ለውዝ በቅናሽ ቢቀርብም መግዛት አይመከርም፤ በሻጋታ ምክንያት የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በማጠብም ሆነ በማብሰል አይወገድም፤ በጉበት ላይም ከባድ ጉዳት ያደርሳል።

የጎደለ ሚዛን ሌላው የተሰወረ ወጪ ነው። በ80 ብር የተገዛ አንድ ኪሎ በእርግጥ 900 ግራም ከሆነ የተከፈለው ዋጋ በኪሎ 89 ብር ገደማ ነው። በቤት ውስጥ ሚዛን የሌለው ሸማች ክብደቱ የተገለጸበትን ያልተከፈተ የአንድ ኪሎ እሽግ በሻጩ ሚዛን ላይ በማስቀመጥ ማረጋገጥ ይችላል። በመደብ፣ በጣሳ ወይም በኩባያ የሚሸጡ ዕቃዎችን ዋጋ ለማነጻጸር ደግሞ አንድ ጊዜ አስመዝኖ አንዱ መደብ ስንት ኪሎ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ዋጋው ሳይለወጥ መደቡ ሊያንስ ይችላልና።

ረጅም ጊዜ በሚያገለግሉ ዕቃዎች ላይ ርካሹ ዕቃ ብዙ ጊዜ ውድ ይሆናል። ባለ 60 ዋት አሮጌ አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ተመጣጣኝ ብርሃን የሚሰጥ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ግን 1.35 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይጠቀማል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ከፍ ስለሚል፣ በመግዣው ላይ የሚታየው ልዩነት በየወሩ ከሚከፈለው ሒሳብ ተመልሶ ይገኛል።

8. ቅናሽ፣ ማሸጊያና «ያለ ደረሰኝ» ግዢ

ትልቅ ማሸጊያ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። 3 ሊትር ዘይት 900 ብር፣ 5 ሊትሩ ደግሞ 1,550 ብር ቢሸጥ ትንሹ በሊትር 300፣ ትልቁ 310 ብር ነው። ዋጋን ለመጠን ማካፈል በስልክ በሚገኝ የሒሳብ ማሽን በጥቂት ሰከንድ የሚሠራ ነው።

ቅናሽ ጥቅም የሚኖረው ዕቃው ቀድሞም በግዢ ዝርዝር ውስጥ የነበረ ሲሆን፣ ከቅናሹ በፊት የነበረው ዋጋም በእርግጥ የተጠቀሰው ያህል ሲሆን ነው። የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜው የተቃረበ ምግብ በቅናሽ መግዛት የሚያዋጣው ቀኑ ሳያልፍ ለሚጠቀምበት ብቻ ነው።

አንዳንድ ሻጮች «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ይቀንሳል» የሚል አማራጭ ያቀርባሉ። ለምሳሌ በ20,000 ብር ዕቃ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ 3,000 ብር በመሆኑ ቅናሹ ማራኪ ይመስላል። ነገር ግን ደረሰኝ የሌለው ሸማች ዕቃው ቢበላሽ ከማን እንደገዛው የሚያረጋግጥበት ሰነድ አይኖረውም። 3,000 ብር ለመቆጠብ ሲባል የ20,000 ብሩ ግዢ በሙሉ ያለ ዋስትና ይቀራል፤ ድርጊቱም ሕገወጥ ነው።

9. በቤት ማዘጋጀት

እንጀራ በቤት መጋገር፣ ሽሮና በርበሬ በቤት ማዘጋጀት ለብዙ ቤተሰብ አዋጭ ከመሆኑም በላይ በምግቡ ጥራት ላይ እምነት ይሰጣል። አዋጭነቱ ግን በቤተሰቡ ብዛት ይወሰናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚደርስ ኃይል የሚስብ ሲሆን ምጣዱ እስኪግል የሚባክነው ኃይል ለአምስት እንጀራም ሆነ ለሃያ እንጀራ አንድ ነው። ስለዚህ ብዙ እንጀራ በአንድ ጊዜ ለሚጋግር ቤተሰብ የአንዱ እንጀራ ወጪ ይቀንሳል። ብቻውን ለሚኖር ሰው ግን በአንድ ጊዜ የጋገረው ከሦስትና አራት ቀን በኋላ መሻገት ስለሚጀምር ከታመነ ጋጋሪ መግዛቱ ሊሻለው ይችላል። ሁለት ጎረቤታሞች በተራ እየጋገሩ መካፈላቸው መካከለኛ መፍትሔ ነው።

10. ከግዢ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሸማቾች ማንኛውንም የቁጠባ ግዢ ከመፈጸማቸው በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለራሳቸው ቢያቀርቡ ይመከራል፦

ሀ. ዕቃው ቅናሽ ባይኖር ኖሮም ይገዛ ነበር?
ለ. ተጨማሪ ወጪና ብክነት ሲታሰብ በኪሎ ወይም በሊትር ስንት ይደርሳል?
ሐ. ሳይበላሽ በምን ያህል ጊዜ ያልቃል?
መ. ገንዘቡ ከቤት ኪራይ፣ ከሕክምና ወይም ከትምህርት ወጪ የተወሰደ ነው?
ሠ. ዕቃው ጉድለት ቢገኝበት ለመመለስ የሚያስችል ደረሰኝ አለ?

ለአንድ ወር የተገዛውን ዕቃ፣ የተከፈለውን ዋጋ፣ ትራንስፖርቱንና የተጣለውን መጠን በደብተር መመዝገብ ለቤተሰቡ የሚስማማውን ልማድ በግልጽ ያሳያል። ብዙውን ጊዜ ትልቁ ቁጠባ የሚገኘው አዲስ ርካሽ ገበያ በመፈለግ ሳይሆን ተገዝቶ የሚጣለውን በመቀነስ ነው።

11. የሸማቾች መብትና የአቤቱታ አቀራረብ

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ማንኛውም ነጋዴ የዕቃዎቹንና የአገልግሎቶቹን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ መለጠፍ ወይም በዕቃው ላይ ማመልከት፣ እንዲሁም ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ መስጠት አለበት። ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ዕቃ አማርጦ የመግዛትና ዋጋ በመጠየቁ ወይም በማማረጡ ለመግዛት ያለመገደድ መብት አለው። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች፣ የተሻለ መብት የሚሰጥ ዋስትና ወይም ውል ከሌለ በስተቀር፣ ዕቃውን በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን ሊጠይቅ ይችላል። ሐሰተኛ ወይም አሳሳች ማስታወቂያ ማሰራጨት፣ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ወይም የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበት ዕቃ መሸጥም የተከለከለ ነው።

መብቱ የተጣሰበት ሸማች በቅድሚያ ለሻጩ ጥያቄውን ያቀርባል። መፍትሔ ካላገኘ የሚከተሉትን በመያዝ በአቅራቢያው ለሚገኝ የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፦

• የግዢ ደረሰኝ ወይም ግዢውን የሚያረጋግጥ ሌላ ማስረጃ፤
• ዕቃው ራሱ ከነማሸጊያው፣ ምግብ ከሆነም የቀረው ናሙና፤
• የንግድ ቤቱ ስም፣ አድራሻና ግዢው የተፈጸመበት ቀን፤
• ለሻጩ የቀረበው ጥያቄና የተሰጠው ምላሽ አጭር መግለጫ።

የምግብ ደኅንነትን በሚመለከት ጥርጣሬ ሲኖር ምርቱን መጠቀም ወዲያውኑ አቁሞ፣ ናሙናውን ሳይጥሉ፣ ለወረዳው የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማሳወቅ ይገባል። ምግቡን የበላ ሰው የሕመም ምልክት ካሳየ አቤቱታው እስኪታይ ሳይጠበቅ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ ይኖርበታል።